የሆቴሉን ስልክ የመረጥኩት እኔ ነኝ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢውን እለብሰዋለሁ፤ ሰዓቱ ባትሪው አልቆ ቆሟል። ሠላሳ አራት ዓመት በስልክ ሥራ ቆይቼ የተረፈኝ ይኸው ነው ብዬ አላማርርም፤ ደመወዙም እንደ ጊዜው ነበር። የምጽፈው ከጡረታ በኋላ ስለሠራሁት አንድ ሥራ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ክፉ ወሬ ባለቤቱን ብቻውን ባለበት እንዳያገኘው። ጠብቂ ብሎ የሚያዘኝ አለቃ በሌለበት ዕድሜዬ ያንኑ በገዛ እጄ አበላሸሁት። ሆሳዕና ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷ ደግሞ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ትውልዴ አንጋጫ አጠገብ ነው። ዘነበች እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዱራሜ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ስቀጠር ስልክ ቤቱ አንድ ክፍል ነበር፤ ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ አግዳሚ ላይ ተራ ለሚጠብቀው ሰው። ጥሪ የምናገናኝበት ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው በላይ ትንሽ የብረት ክዳን። ሰው ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያዞር የሱ ክዳን ጠብ ትላለች። በአንዱ ገመድ ትመልሽለታለሽ፤ በጥንዱ ገመድ የሚፈልገውን ሰው ትጠሪለታለሽ፤ ካገናኘሽ በኋላ ቁልፉን መልሰሽ ከመካከላቸው ትወጫለሽ። ስልክ ለሌለው ሰው ደግሞ የጥሪ ወረቀት አለ፤ ስሙን ጽፈን በመልእክተኛ እንልክለታለን።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና የነገዱ፣ እሳቸው ግን ከነጋዴነቱ ይልቅ ስልክ የመረጡ ሰው ነበሩ። ሥራ ሳይጀምሩ የቀኝ ጆሮ ጉትቻቸውን ያወልቁና ክብሪት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ማዳመጫውን በአንድ ጆሯቸው ብቻ ነው የሚያደርጉት፤ ሌላው ጆሯቸው አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሰው የተተወ ነው። «አሎ» ሁለት ጊዜ አይሉም። ሰው ሲደነባበር አያቋርጡትም፤ ትንፋሹን ይሰማሉ። ከሩቅ የሚደውል ሰው ድምፁ ከደረቀባቸው ደግሞ ደንቡ የሚከለክለውን ነገር ይጠይቁታል፦ «ለምን ነበር?»

አንድ ጊዜ ደንቡን አስታወስኳቸው። «ደንቡን የጻፈው ሰው እዚህ አገር ዘመድ የለውም» አሉኝ።

በእኛ አገር፣ ሀዲያም ይሁን ከምባታ፣ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚነገረው ለቤተሰቡ ቅርብ ለሆነ፣ ልቡ ለሚችል ሰው ነው። እሱ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ሲነጋጋ አብረው ይሄዳሉ፤ እናት ከሆነች በግራና በቀኝ ሰው ይቀመጥላታል፤ መርዶው የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ሙሉነሽ መሳቢያቸው ውስጥ አንድ ደብተር ነበራቸው። በአንድ በኩል የቤተሰቡ ስም፣ በሌላው በኩል ክፉ ነገር ቢመጣ የሚጠራው ሰው ስም። አክስት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሰውየው ሲሞት ወይም ሲጣላ ይሰርዙና ሌላ ይጽፋሉ።

በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሚስት ነበረች የፈለገው፤ ቤቷ ስልክ አላት። «ወንድሟ ነኝ፤ ቶሎ አገናኚኝ» አለኝ። ገመዱን ሰካሁ፣ እጀታውን አንድ ዙር አዞርኩ። እትዬ ሙሉነሽ ከአጠገቤ እጃቸውን ዘርግተው ገመዱን ነቀሉት። «መስመሩ አስቸግሯል፤ ለምን ነበር ወንድሜ?» አሉት። ሰውየው ማልቀስ ጀመረ። እናታቸው ሞታ ነበር። እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አደረጉና ራሳቸው ሄደው ደብተሩ ላይ ለተጻፈው ሽማግሌ ነገሩ። ሴትየዋ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሰው መካከል ተቀምጣ ሰማች።

«መሞትን ማንም አያስቀርም» አሉኝ ሲመለሱ። «ብቻዋን እንዳትሰማ ማድረግ ግን ይቻላል። ደመወዝ የምትበዪው ለሱ ነው።» ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም።

ቀጥሎ ሆመቾ ተዛወርኩ። እዚያ ኦፕሬተሯም ገንዘብ ተቀባይዋም እኔ ነበርኩ፤ ከበላዬ ያሉት አቶ ደሳለኝ ብቻ ናቸው። አቶ ደሳለኝ የሰዓት ሰው ነበሩ፤ የሦስት ደቂቃ ጥሪ ሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ከሆነ ያኮርፋሉ። እኔም የእትዬ ሙሉነሽን ዘዴ ይዤ ስለሄድኩ «መስመሩ አስቸግሯል» ማብዛቴ አልቀረም። አንድ ቀን የሆመቾ መስመር ከሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ይልቅ ለምን እንደሚቋረጥ በጽሑፍ እንዳስረዳ ደብዳቤ ሰጡኝ። «በዝናብ ምክንያት» ብዬ መለስኩ። የበጋ ወር ነበር። የሦስት ቀን ደመወዝ ቀጡኝ። በዓመቱ የአባታቸው ሞት በእኔ ሰሌዳ በኩል መጣ፤ ሰውየው አጠገቤ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። «መስመሩ አስቸግሯል» አልኩና ጓደኞቻቸውን አስጠራሁ። አቶ ደሳለኝ ከለቅሶው ሲመለሱ ምንም አላሉኝም፤ ስለ መስመሩም ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ሆሳዕና ስመጣ ሥራው እያለቀ ነበር። አውቶማቲኩ ገባ፣ ሰሌዳው ተነሣ፣ ገመዶቹን ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም። እትዬ ሙሉነሽ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ ደብተሩን ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ ሰው ሁሉ በኪሱ ስልክ ያዘ። እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ ሲም ካርድ ስሸጥና የቅሬታ ፎርም ስሞላ ኖርኩ። ሰው የወንድሙን ሞት ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ ገበያ መካከል ቆሞ፣ አንዳንዱም በፎቶ አይቶ ሲሰማ እያየሁ ሥራዬ ከንቱ እንደነበረ አምኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁንም አምናለሁ።

ቤት መዋል ግን አልቻልኩም። መጀመሪያ አንድ የመድኃኒት ቤት፣ ቀጥሎ ዱራሜ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት «ስልክ ታውቂ የለ፣ ምረጪልን» አሉኝ። በኢንተርኔት የሚሠራውን ስልክ የተማርኩት ያኔ ነው። ሽቦና ሣጥን መግዛት ቀርቷል፤ አንድ ድርጅት አዲስ አበባ ተቀምጦ ስልክሽን በኢንተርኔት ያስተናግድልሻል፤ ለአንድ መሥመር በወር ይህን ያህል ትከፍያለሽ፤ ኤክስቴንሽኑንም ማስተላለፉንም በኮምፒውተር ታዘጋጂዋለሽ። ወደድኩት። ሰሌዳው ተመልሶ እጄ የገባ መሰለኝ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ሰው ሲያማክረኝ ደግሞ ትንሽ ልቤ አበጠ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የበረከት እናት የመጣችው ያኔ ነው። ታደለች ነው ስሟ፤ ግን ከተማው ሁሉ በበኩር ልጇ ስም ይጠራታል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ባለ ሃያ ሁለት ክፍል ሆቴል አላት። ባሏ በስትሮክ ግራ ጎኑን ይዞት ቤት ነው የሚውለው። በረከት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ የሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ የተሠራው እሱ በላከው ነው። የድሮው የስልክ ሣጥኗ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎባት ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም» አለችኝ። «አንቺ የመረጥሽውን እከፍላለሁ። ጥሪ እንዳይጠፋብኝ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሥራዬን በደንብ ሠራሁ። በደንብ መሥራቴ ነው የሚያናድደኝ። ሦስት ድርጅቶች ዋጋና ዝርዝር ላኩልኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሪሴፕሽኑ ጋ ላፕቶፕ አስቀምጬ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለካሁ። ቁጥሩ ብቻ አይበቃኝም፤ በሦስቱም ደውዬ «አንድ፣ ሁለት» እያልኩ ድምፄ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በጆሮዬ ቆጠርኩ። አንደኛው ሲዘንብ ቃል ይበላል፤ ጣልኩት። ሁለተኛው የሆቴሉን የቆየ ቁጥር አላዛውርም አለ፤ እሱንም ጣልኩት። ሦስተኛው ቁጥሩን ይይዛል፣ ጥሪ ያስተላልፋል፣ የተነጋገሩትንም ይቀዳል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አራት ሰዓት የሚቆይበት ባትሪ አስገዛሁ። ሁሉንም አሰብኩበት ብዬ ነበር።

ሪሴፕሽኗ አበራሽ ትባላለች። አሥራ አራት ዓመት እዚያ ስልክ ላይ የተቀመጠች፣ ቀጭን፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። የጥሪ መዝገቧን ሦስት ቀን አገላበጥኩ። ስንት ጥሪ ይገባል፣ ስንቱ ክፍል ለመያዝ ነው፣ የትኛው ሰዓት ይጨናነቃል። በወር ሦስት አራቱ ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አለ፤ ከውጭ አገር የተደወሉ ናቸው፤ ረጃጅም ናቸው፤ ምክንያት አልተጻፈባቸውም።

«ይሄ ነጥብ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የኔ ሰዎች ናቸው» አለች።

ዘመዶቿ መስለውኝ ነበር። በሆቴሉ ስልክ የግል ወሬ የምታወራ ሠራተኛ ናት ብዬ ደመደምኩ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ እሱን ሆንኩ። ለበረከት እናት ባቀረብኩት ወረቀት ላይ «ለስልክ ብቻ የተመደበ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ታነሣለች፤ በአምስት ጥሪ ካልተነሣ ወደ ሆቴሉ ባለቤት ሞባይል ይተላለፋል» ብዬ ጻፍኩ። አበራሽ ወደ አንሶላ መጋዘን ተዛወረች። ስትለቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ቁጥሩ ይቀየራል?»

«አይቀየርም» አልኳት እየኮራሁ። «ያስመረጠኝ እሱ ነው።»

ዝም አለች። ያን ዝምታ እትዬ ሙሉነሽ ቢሆኑ «ለምን ነበር?» ብለው ይጠይቁት ነበር። እኔ መቸኮሌ ነው፤ የኢንተርኔት ገመድ የሚዘረጉ ሠራተኞች ይጠብቁኝ ነበር።

ነጥቦቹ ምን እንደነበሩ የሰማሁት በኋላ፣ ከራሷ ከአበራሽ ነው። ከሆመቾና ከሀቢቾ አካባቢ ሄደው ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆች፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት፣ ለቤተሰቡ አይደውሉም። ወደ ሆቴሉ ነው የሚደውሉት። ሆቴሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ አበራሽንም ያውቋታል። ለማን መነገር እንዳለበት፣ የትኛው ሽማግሌ የየትኛው ቤት ዘመድ እንደሆነ እሷ ጋ አለ። ማንም አልሾማትም። ማንም እንዳይጠረጥር ደግሞ ለማንም አትናገርም፤ ለቀጣሪዋም ቢሆን። እኔ ከንቱ ሆነ ብዬ ያዘንኩለት ሥራ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ እኔው ኢንተርኔቱን በለካሁበት ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ኖሯል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የሚሠራውን ነገር አንሥቼ አዲስ አመጣሁ።

አዲሱ ስልክ ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ። የበረከት እናት ደስ ብሏት ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ እንግዳ ሲበዛባት ጥሪው ወደ እሷ ይሄዳል፤ በሞባይሏ ላይ ከሆቴሉ የተላለፈ መሆኑ ስለሚታይ «ሆቴል ነው፤ ምን ልታዘዝ?» ብላ እንድትመልስ አስተማርኳት። «አሁንማ እኔው ሪሴፕሽን ሆንኩ» እያለች ትስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ምሽት የባሏ ወንድም አቶ ማርቆስ ደወለልኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ከመሬት ተነሥቶ የማይጮህ ሰው ነው። «ነገ ሲነጋጋ እኛ ጋ ነይ፤ በረከት የለም» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ሌቦች ገድለውት ነበር።

በማግስቱ ስምንት ሆነን ሄድን። በሩን ራሷ ከፈተችልን። ለብሳ ነበር፤ ሻሿን አጥብቃ አስራለች። ለምን መጣችሁ አላለችም። አስገባችንና ባሏ ወንበር አጠገብ ተቀመጠች፤ የማይሠራውን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ በግራዋ ተቀመጥኩ፣ አንዲት ጎረቤቷ በቀኟ። አቶ ማርቆስ ጸለየና ተናገረ። የበረከት አባት ድምፁ እንደዚያ መውጣት ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። እሷ መጀመሪያ ፊቱን አየች፤ ከዚያ አለቀሰች። ጎረቤት እየሞላ ሄደ፣ ድንኳን ተተከለ፣ መዝሙሩ ተጀመረ።

በልቤ ተጽናናሁ፤ ቢያንስ በወጉ ሰማች አልኩ። አቶ ማርቆስን ወሬው እንዴት ደረሰህ ብዬ ጠየቅኩት። «ወደዚህ ቁጥር ደውል የሚል መልእክት ከሆቴሉ ተላከልኝ» አለ። እንግዲህ ስልኩ ሠራ ብዬ አሰብኩ። እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ ስለ መረጥኩት ስልክ ኮራሁ።

ለቅሶው ካለፈ ከወር በኋላ አዲስ አበባ ያለው ድርጅት መልእክት ላከልኝ፤ የተቀዱ ጥሪዎች ቦታውን ሞልተውታል፣ የማይፈለገውን አጥፉ አለ። አንድ ከሰዓት ቤቴ ተቀምጬ ዝርዝሩን ከፈትኩ። አብዛኛው ክፍል አለ ወይ፣ ስንት ነው የሚል ነው። በረከት በሞተ ማግስት ያለው ቀን ላይ ስደርስ አንድ የውጭ አገር ቁጥር አየሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አምስት ጊዜ ጠርቷል። ተላልፏል። አራት ደቂቃ ተነጋግረዋል። እኛ የሄድነው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው።

መስማት ክልክል ነው የሚለው ደንብ ትዝ አለኝ፤ ግን ከፈትኩት። በሀዲይኛ ነው የተነጋገሩት፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው።

«ሆቴል ነው፤ ምን ልታዘዝ?» አለች የበረከት እናት፤ እንዳስተማርኳት።

«እትዬ አበራሽ ነሽ?» አለ አንድ ወጣት።

ብዙ ቆየች። ከኋላ ዶሮ ይጮሃል። አሁን ነው የሚገባኝ፤ እነዚያ ልጆች አበራሽን ለምን እንደሚፈልጉ እናት ሁሉ ባታውቅም፣ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያላት እናት ትጠረጥራለች።

«ነኝ። ንገረኝ» አለች።

«የበረከት እናት አጠገብሽ አለች?»

«የለችም። ብቻዬን ነኝ።»

ነገራት። ሌሊት እንደሆነ፣ ሌቦች ሱቁ ድረስ መጥተው እንደገደሉት። ሲጨርስ ከእሷ በኩል ምንም አይሰማም፤ ትንፋሽም የለም።

«እትዬ አበራሽ፣ አለሽ?»

«አለሁ። ብቻውን ነበር?»

«እኔ ደርሼበታለሁ። እጁን ይዤው ነበር።»

«ተባረክ።»

«ለአጎቱ ለአቶ ማርቆስ ንገሪልኝ። እናቱ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ አደራሽን።»

«ብቻዋን አትሰማም» አለች የበረከት እናት። ትንሽ ቆይታ «አንተስ እህል ቀምሰሃል?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እስኪበቃው ጠበቀችው፤ ከዚያ እሱ ዘጋ።

ላፕቶፑን ዘግቼ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ገመዱን የሚነቅል ሰው ያልነበረው እኔ አበራሽን ስላስነሣኋት ነው። አምስት ጊዜ ከጠራ ወደ እናቱ ይሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም የለበትም፤ ድርጅቱም አላጠፋም፣ ኢንተርኔቱም አልተቋረጠም፤ ሁሉም እኔ እንዳዘዝኩት ሠርቷል። አምላኬን ይቅር በለኝ አልኩት፤ ቀለል አላለኝም፣ አሁንም አላለኝም።

በማግስቱ መጀመሪያ አበራሽን ፈልጌ ሄድኩ። ነጥቦቹን የነገረችኝ ያኔ ነው። ወደ ስልኩ እንድትመለስ ለመንኳት። «እኔ ስነሣ ማንም ለምን አላለኝም። አሁን ወንድሜ ሱቅ ልገባ ነው» አለች። አልተቆጣችም። ልጆቹ እስካሁን በዚያው ቁጥር ይደውሉ እንደሁ አላውቅም፤ ማን እንደሚያነሣላቸውም አላውቅም። ወደ ሞባይል የሚተላለፈውን አጥፍቼዋለሁ፤ ለማጥፋት አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ወደ በረከት እናት ቤት ሄድኩ። ባሏ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እሷ ከሆቴሉ የመጣ አንሶላ እያጠፈች ነበር።

«የተቀዳውን ሰማሁት» አልኳት። ሌላ መግቢያ አላገኘሁም።

እጇ ቆመ። ወደ ባሏ አየች። «እሱ እንዳይሰማ» አለች በዝግታ።

«አልናገርም። አጥፊው ካልሽ አጠፋዋለሁ።»

«ተይው። እጁን ይዤው ነበር ያለበት እዚያ ውስጥ አለ።»

«ለምን አበራሽ ነኝ አልሽው?»

«አይደለሁም ብለው ይዘጋብኝ ነበር። ከዚያ ምን እየጠበቅኩ ልዋል?» አንሶላውን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አንዴ ነኝ ካልኩ በኋላ ደግሞ አበራሽ የምታደርገውን ማድረግ አለብኝ። ለማርቆስ የልጁን ቁጥር በሆቴሉ ሠራተኛ እጅ ላክሁለት። እንግዲህ ነገ ሲነጋ ይመጣሉ አልኩ። ለባሌ ምሳ ሠራሁ፣ ራት አበላሁት፣ መድኃኒቱን ሰጠሁት። ስለ በረከት ሲጠይቀኝ ደህና ነው አልኩት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «ስልኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አበራሽን ያስነሣሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ አውቃለሁ ብቻ ነው ያለችው።

«ጠዋት ስታለቅሺ አጠገብሽ ነበርኩ» አልኩ፤ ለራሴ ማጽናኛ ፈልጌ መሆኑ አሁን ይገባኛል።

«ጠዋት ያለቀስኩት ለሱ ነው፤ ብቻውን እንዳያለቅስ። ምን እንደምትሉ ዐውቄ፣ መቼ እንደምትሉት ዐውቄ ነው የተቀመጥኩት።» ባሏ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የራሴን አላለቀስኩም እትዬ ዘነበች። ሰው ሁሉ አልቅሶልኝ ሄዷል። አሁን ብጀምር ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል።»

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ስልክ አልመረጥኩም። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ባሏ ሕክምና በሚሄድበት ሰዓት ወደ እሷ እሄዳለሁ። ማንም የለም፣ ማንም አይሰማም፣ አልቅሺ ማለት ግን አፌ አይችልም። እቀመጣለሁ። እሷ አንሶላ ታጥፋለች፣ ስለ እንግዶች ታወራኛለች፣ ሻይ ትሰጠኛለች፣ ሲመሽ እስከ በሩ ትሸኘኛለች። እስካሁን አላለቀሰችም።